ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖትና የጠገራ ብር ክምችት

በጥር ወር 1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከዐፄ ዮሐንስ እጅ የጎጃምን ዘውድ ሲቀበሉ፣ በኋላ ራስ ኃይሉ ተብለው የታወቁት ልጃቸው ዕድሜያቸው ከዐሥራ ሦስት ዓመት ብዙ የራቀ አልነበረም። ንጉሡ በመንቆረር የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ከተማዪቱን ደብረ ማርቆስ አሰኟት። ከዚያች ከተማ አጠገብ በሚገኘው በባሶ ገበያ፣ ዐባይን ተሻግሮ የሚመጣው ቡናና የዝሆን ጥርስ በአሞሌ ጨውና በጠገራ ብር ይለወጥ ነበር። ወጣቱ መስፍን የገንዘብን ኃይል የተማሩት በዚህ አካባቢ ነው።

ጠገራ ብር የተባለው የኦስትሪያይቱ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ምስል የተቀረጸበት ገንዘብ ሲሆን፣ ክብደቱ 28 ግራም ያህል፣ ከሺው 833ቱ እጅ ጥሩ ብር ነበር። በየትኛውም ዘመን ቢሠራ የሚጻፍበት ዓመት ያው 1780 እ.ኤ.አ. ነው። ጥንታዊ የአሜሪካን ብሮች የሚሰበስቡ ሰዎች አንዱ ከሌላው የሚለይበትን ምልክት ሲሹ፣ የጎጃም ነጋዴ ግን የሚፈልገው ሁሉም አንድ ዓይነት መሆኑን ነበር። የንግሥቲቱን የራስ ጌጥ ሉሎች ቆጥሮ፣ የትከሻዋን ጌጥ አይቶ፣ የፈዘዘውን ይመልሳል። የ1887 ዓ.ም. ቀን የተጻፈበት የዐፄ ምኒልክ ብር እንኳ ይህን ልማድ ሊያስለቅቅ አልቻለም።

ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1893 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ግዛታቸው ተከፋፈለ። ራስ ኃይሉ ጎጃምን በእጃቸው ካስገቡ ወዲህ ግን እስከ 1924 ዓ.ም. ድረስ ከሃያ ዓመት በላይ ገዙት። በአስተዳደራቸው ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው በዓይነትና በጉልበት ይሰጥ የነበረውን ግብር በብር እንዲከፈል ማድረጋቸው ነው። በኬላና በገበያ ቀረጥ አበዙ፤ ሹመትም የሚገኘው ገንዘብ በመክፈል ሆነ። በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ጋር አውሮፓን ከጐበኙት መኳንንት አንዱ ነበሩ። ለንግድ የነበራቸው ዝንባሌም በዘመኑ መኳንንት ዘንድ እምብዛም የማይታይ ነበር።

ሆኖም ገበሬው ብር አያበቅልም። ግብሩን ለመክፈል እህሉን ወደ ገበያ ማውጣት ነበረበት፤ ሁሉም በአንድ ወቅት ሲያወጣ ደግሞ የእህሉ ዋጋ ይወርዳል። ከገበያ ወጥቶ በሣጥን የተቆለፈው ብር ለገበሬው ይበልጥ ውድ ሆነበት፤ ምሬቱም እየከረረ ሄደ። የብር ዋጋ ራሱም ቢሆን የጸና አልነበረም። በለንደን ገበያ በ1912 ዓ.ም. አንድ አውንስ 89 ፔንስ የደረሰው ብር፣ በ1923 ዓ.ም. ወደ 12 ፔንስ ወረደ። በብር የተከማቸ ሀብት ሁሉ ከሣጥኑ ሳይወጣ አነሰ።

የራስ ኃይሉ ውድቀት የመጣው ግን ከሌላ አቅጣጫ ነው። በ1924 ዓ.ም. የልጃቸው የወይዘሮ ሰብለ ወንጌል ባል የነበሩት ልጅ ኢያሱ ከፍቼ እስር ቤት ሲያመልጡ ረድተዋል ተብለው ተከሰሱ። የሞት ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠላቸው፤ ንብረታቸው ተወረሰ፤ ጎጃምም ለራስ እምሩ ተሰጠ። በጠላት ወረራ ዘመን ለኢጣልያ አደሩ። ጠላትም የጠገራ ብርን ማተሚያ በ1927 ዓ.ም. ከኦስትሪያ አግኝቶ በሮማ ያስመታ ስለ ነበር፣ ያው የንግሥቲቱ ምስል የባንዳ ደመወዝ ሆነ። በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ሲገቡ ራስ ኃይሉ እጃቸውን ሰጡ። ከዚያ በኋላ በአዲስ አበባ በጥበቃ ሥር ኖረው በ1940ዎቹ መጀመሪያ አረፉ።

ከመሞታቸው ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በሐምሌ ወር 1937 ዓ.ም.፣ አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ወጥቶ ነበር። ጠገራውን ለመተካት የተዘጋጀው የሃምሳ ሳንቲም ብር የተመታው ከአሜሪካ በተገኘ ብር በፊላደልፊያ ነው። ሕዝቡ ወረቀቱን አምኖ እንዲቀበል፣ በእጁ የሚጨበጥ ብር አብሮ እንዲሰጠው አስፈልጎ ነበር። ራስ ኃይሉ የብርን ክብደት ከዘመናቸው መኳንንት አብልጠው ዐውቀዋል። ነገር ግን ገንዘብ የሚጸናው ግብር ከፋዩ መልሶ ሊያገኘው ሲችል ነው፤ ጎጃምን ለማስተዳደር በተሰበሰበው ብር ውስጥ ያልተቆጠረውም ይኸው ነበር።