ከኦርጋን መምታት ወደ ከዋክብት ምርመራ፤ የዊሊያም ሄርሼል ታሪክ

ስለ ነገሥታትና ስለ ጦር አለቆች ብዙ ተጽፏል፤ እኛ ግን በዚህ ገጽ የአንድ ሙዚቀኛን ታሪክ ለማውሳት ወደድን፡፡

ዊሊያም ሄርሼል በጀርመን አገር በሐኖቨር ከተማ በ1738 እ.ኤ.አ. ተወለደ፡፡ አባቱ የጦር ሠራዊት ሙዚቀኛ ነበር፤ እርሱም ሞያውን ይዞ በ1757 ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገረ፡፡ በባዝ ከተማ ኦርጋን እየመታ፣ ሙዚቃም እያስተማረ ይኖር ነበር፡፡ ቀን ሲያስተምር ይውልና ሌሊት ሰማይ ሲመለከት ያድራል፡፡ የቴሌስኮፑን መስተዋት መዳብና ቆርቆሮ እያቀለጠ ራሱ ይሠራ ነበር፤ መስተዋቱ እንዳይበላሽበትም እጁን ሳያነሣ ብዙ ሰዓት ሲፈትግ፣ እኅቱ ካሮሊን ታጎርሰው ነበር፡፡ ጉርሻ በእኛ አገር ብቻ ያለ የሚመስለን ካለን ይህን እንወቅ፡፡

በማርች 13 ቀን 1781 ኡራኑስ የምትባለውን ፕላኔት አገኘ፤ ንጉሡ ጊዮርጊስ 3ኛም በዓመት 200 ፓውንድ ቆረጡለት፡፡ ይህን ብዙዎች ያውቁታል፤ እኛን ይበልጥ የማረከን ግን ሌላው ሥራው ነው፡፡

ሄርሼል ሰማይን ሲያስስ ክብ የሆኑ፣ ደብዛዛ ብርሃን ያላቸው ነገሮች አየ፡፡ መልካቸው ፕላኔት ስለሚመስል ፕላኔታዊ ኔቡላ አላቸው፤ ከፕላኔት ጋር ዝምድና ባይኖራቸውም ስሙ እስከ ዛሬ አልተለወጠም፡፡ ቀድሞ ኔቡላ ሁሉ ከርቀት የተነሣ ተለይተው የማይታዩ የከዋክብት መንጋ ነው ብሎ ያምን ነበር፡፡ በኖቬምበር 13 ቀን 1790 ግን አንዲት ኮከብ በብርሃን ደመና መካከል ተቀምጣ አገኛት፡፡ ደመናው የከዋክብት መንጋ ቢሆን ኖሮ ወይ የመካከለኛዋ ከልክ ያለፈች ትልቅ፣ ወይ ሌሎቹ ከልክ ያለፉ ትንንሽ መሆን ነበረባቸው፡፡ ስለዚህ የብዙ ዓመት አሳቡን ትቶ፣ በዙሪያዋ ያለው ራሱ የሚያበራ ስስ ነገር ነው ሲል ጻፈ፡፡ በ1864 ዊሊያም ሃጊንስ የአንዱን ፕላኔታዊ ኔቡላ ብርሃን በትኖ ቢመረምረው በእውነት ጋዝ ሆኖ ተገኘ፡፡

ባንድ ነገር ግን ሄርሼል ተሳሳተ፤ ኮከቧ ከደመናው የምትወለድ መሰለችው፡፡ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ደመናው የወጣው ከምትሞተው ኮከብ ነው፡፡ ፀሐይን የመሰለች ኮከብ ነዳጇ ሲያልቅ ታብጥና የላይኛውን አካሏን በዝግታ ወደ ጠፈር ትበትናለች፡፡ ኋላም የተጋለጠው ትኩስ እምብርቷ ፈጣን ነፋስ ይልካል፤ ይህ ነፋስ ፊተኛውን ጋዝ እየገፋ እንደ ቅርፊት ይሰበስበዋል፤ የእምብርቷም ብርሃን ያበራዋል፡፡ በአጠገቧ ጓደኛ ኮከብ ካለች ደግሞ ክቡ ተለውጦ ቀለበት ወይም ሁለት ክንፍ ሊሆን ይችላል፡፡ ያች የ1790 ኮከብም ጓደኛ እንዳላት በኋላ ታውቋል፡፡ የእኛም ፀሐይ ከ5 ሺህ ሚሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ አካሏን እንዲሁ ትበትናለች፡፡

ሄርሼል በ1822 ዐረፈ፡፡ ካሮሊንም ወደ ሐኖቨር ተመልሳ፣ ወንድሟ ያገኛቸውን 2500 ያህል ኔቡላዎች በየተራቸው ደልድላ ጻፈች፤ ስለዚህም ሥራዋ በ1828 የለንደን የሥነ ፈለክ ማኅበር የወርቅ ሜዳይ ሸለማት፡፡