የሃይንሪሽ ኸርዝ ሕይወትና ሥራ

በቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ሽፋን ውስጥ የምትለጠፍ፣ በከብት ጆሮ ላይ የምትንጠለጠል፣ ወይም በሆቴል ቤት በቁልፍ ፈንታ የምታገለግል አንዲት ትንሽ መለያ አለች። አብዛኛውን ጊዜ በውስጧ ባትሪ የለም፤ ከኤሌክትሪክ መሥመር ጋርም በሽቦ አልተያያዘችም። ሆኖም አንባቢ የተባለው መሣሪያ ሲቀርባት ቁጥሯን ታስታውቃለች፤ ሲርቃትም መልሳ ጸጥ ትላለች። የራሷ ኃይል የሌላት ነገር እንዴት መልስ ልትሰጥ ቻለች? ይህን ለመረዳት የሚሻ ሰው፣ በ19ኛው ምእተ ዓመት መጨረሻ ገደማ በጀርመን አገር በካርልስሩኸ ከተማ፣ በጨለመ አዳራሽ ውስጥ ዐይኑን በአንድ የሽቦ ቀለበት ላይ ተክሎ ይውል የነበረውን ወጣት መምህር ታሪክ ማወቅ ይገባዋል። በዚህ ታሪክ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሃይንሪሽ ሩዶልፍ ኸርዝ ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1857 በሰሜን ጀርመን በሃምቡርግ የወደብ ከተማ ተወለደ። ለወላጆቹ ከአምስት ልጆች የመጀመሪያው ነበር። አባቱ ሕግ ዐዋቂና ጠበቃ ሲሆን፣ የአባቱ ቤተሰብ በትውልዱ አይሁዳዊ ሆኖ ወደ ክርስትና ሃይማኖት የገባ ነበር። እናቱ ደግሞ የሐኪም ልጅ ነበረች። ኸርዝ ገና በልጅነቱ በትምህርቱ የላቀ ከመሆኑም በላይ ለቋንቋ ልዩ ዝንባሌ ስለ ነበረው ዐረብኛ እስከ መማር ደረሰ። ከመጽሐፉ ባልተናነሰ ግን የእጅ ሥራን ይወድ ነበር። በቤቱ ውስጥ የራሱ የመሥሪያ ጠረጴዛ ነበረው፤ እንጨትን እያሽከረከሩ በሚቀርጹበት መኪናም ብዙ ዕቃ ይሠራ ነበር። ይህን ሙያ ያስተማረው ሰው፣ ልጁ አድጎ ፕሮፌሰር መሆኑን በሰማ ጊዜ ምን የመሰለ ቀራጺ ጠፋ በማለት እንደ ተቆጨ ይተረካል። የሰውየው ቁጭት ግን ያለ ቦታው ነበር፤ ኸርዝን ታላቅ ያደረጉት ሙከራዎች ያለዚያ የሰለጠነ እጅ ሊፈጸሙ አይችሉም ነበርና።

ከፍተኛ ትምህርቱን የጀመረው መሐንዲስ ለመሆን አስቦ ነው። በ1877 ወደ ሙኒክ ከሄደ በኋላ ግን ልቡ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ ስላዘነበለ፣ የትምህርቱን ዓይነት እንዲለውጥ አባቱን በደብዳቤ ለመነ፤ አባቱም ፈቀደለት። በሚቀጥለው ዓመት ወደ በርሊን ተሻግሮ የዘመኑ ታላቅ የፊዚክስ ሊቅ የነበረው የሄርማን ሄልምሆልትዝ ተማሪ ሆነ። ሄልምሆልትዝ የተማሪውን ችሎታ ለመገንዘብ ጊዜ አልፈጀበትም።

በዚያን ጊዜ የፊዚክስ ሊቃውንትን የከፋፈለ አንድ ታላቅ ጥያቄ ነበር። ጄምስ ክለርክ ማክስዌል የተባለው የስኮትላንድ ሰው፣ የኤሌክትሪክና የማግኔት ኃይል በጠፈር ውስጥ እንደ ሞገድ ይጓዛል፤ ፍጥነቱም በሴኮንድ 300,000 ኪሎሜትር ያህል ነው፤ ብርሃንም ራሱ ከዚህ ሞገድ አንዱ ዓይነት ነው ሲል በሒሳብ አሳይቶ ነበር። ሒሳቡ ያማረ ቢሆንም፣ እንዲህ ያለውን ሞገድ በኤሌክትሪክ ፈጥሮ በሙከራ ያረጋገጠ ማንም አልነበረም። ማክስዌል በ1879 ሲሞትም ማረጋገጫውን ሳያይ ሞተ። በዚያው ዓመት የበርሊን አካዳሚ የንድፈ ሐሳቡን አንድ ክፍል በሙከራ ለሚፈትን ሰው ሽልማት አቀረበ፤ ሄልምሆልትዝም ኸርዝን እንዲሞክረው ገፋፋው። ኸርዝ አስቦና አስልቶ፣ በጊዜው በነበሩት መሣሪያዎች የሚገኘው ውጤት ሊታይ የማይችል ደቃቅ መሆኑን ስለ ተረዳ ሥራውን ሳይቀበል ቀረ። ሆኖም ጥያቄው ከልቡ አልወጣም።

በ1880 የዶክትርና ማዕርጉን ተቀብሎ ሦስት ዓመት የሄልምሆልትዝ ረዳት ሆኖ ሠራ። ከዚያም በኪል ካስተማረ በኋላ በ1885 በካርልስሩኸ የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር ሆነ። በ1886 የሥራ ባልደረባውን ልጅ ኤሊሳቤት ዶልን አገባ፤ ሁለት ሴቶች ልጆችም ወለዱ።

ኸርዝ በካርልስሩኸ የትምህርት መሣሪያዎች ማስቀመጫ ውስጥ ሁለት ጠፍጣፋ የሽቦ ጥቅሎች አገኘ። ጥቅሎቹ ለተማሪዎች ማሳያ የተሠሩ ተራ ዕቃዎች ነበሩ። በአንደኛው ውስጥ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሲያሳልፍ፣ በሽቦ ያልተገናኘው ሁለተኛው ጥቅልም ብልጭታ እንደሚሰጥ ተመለከተ። በአንድ ሽቦ ውስጥ የሚለዋወጥ ኤሌክትሪክ በአጠገቡ በሚገኝ ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደሚቀሰቅስ ማይክል ፋራዳይ ከ50 ዓመት በፊት ያሳየው ነገር ስለሆነ ይህ ብቻውን አዲስ አልነበረም። ኸርዝን ያስደነቀው፣ እጅግ አነስተኛ ከሆነ የኤሌክትሪክ ክምችት የተነሣው ብልጭታ ይህን ያህል ብርቱ ውጤት ማሳየቱ ነው። ከዚህም በመነሣት፣ በብልጭታው ውስጥ ኤሌክትሪኩ አንድ ጊዜ ፈስሶ የሚቆም ሳይሆን በእጅጉ ፈጥኖ ወደፊትና ወደ ኋላ የሚወዛወዝ መሆኑን ተረዳ። በ1879 የጎደለው ይህ ነበር፤ ፈጣን ውዝዋዜ ከተገኘ ሞገዱም ሊገኝ ይችላል።

ስለሆነም አዲስ መሣሪያ ሠራ። 3 ሜትር ያህል ርዝመት ያለውን የመዳብ ሽቦ መካከሉ ላይ ቆርጦ ጠባብ ክፍተት ተወለት፤ በሁለቱ ጫፎችም 30 ሳንቲሜትር ስፋት ያላቸው የዚንክ ኳሶች አደረገ። በክፍተቱ ላይ ብልጭታ በተነሣ ቁጥር ኤሌክትሪኩ ከኳስ ወደ ኳስ ይወዛወዛል። ይህ የመጀመሪያው አስተላላፊ አንቴና ነው ለማለት ይቻላል። ተቀባዩ ደግሞ ከዚህም የቀለለ ነበር፤ ይኸውም ጫፍና ጫፉ ሳይነካካ የታጠፈ ሽቦ ብቻ ነው። ከእነዚህ ተቀባዮች አንዱ 70 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ቀለበት ሲሆን፣ ክፍተቱ በረቂቅ ብሎን ይጠብና ይሰፋ ነበር። ባትሪ የለውም፤ ከምንም ጋር አልተያያዘም። አስተላላፊው በአዳራሹ ወዲያኛው ጫፍ ሲሠራ ግን በቀለበቱ ክፍተት ላይ ከሚሊሜትር መቶኛ እጅ ብቻ የሚረዝም ብልጭታ ይታይ ነበር። ይህን ለማየት አዳራሹን ማጨለምና ዐይን ጨለማውን እስኪለምድ መታገሥ ያሻል። ቀለበቱም መጠኑ ከአስተላላፊው ውዝዋዜ ጋር የተመጣጠነ ካልሆነ መልሱ እጅግ ይደክም ነበር። በልክ የተበጀ እንደሆነ ግን ከሞገዱ ኃይል ተቀብሎ በራሱ ይወዛወዛል።

ከዚያ በኋላ የቀረው ሞገዱን መለካት ነበር። 15 ሜትር ርዝመት ባለው የትምህርት አዳራሽ ግድግዳ ላይ 4 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ የዚንክ ቆርቆሮ ሰቀለ። ሞገዱ ከቆርቆሮው ተመልሶ ከሚመጣው ሞገድ ጋር ሲገናኝ፣ ብልጭታው የሚበረታባቸውና የሚጠፋባቸው ቦታዎች በተራ ይገኛሉ። ኸርዝ ቀለበቱን ይዞ ከቦታ ወደ ቦታ እየተዘዋወረ እነዚህን ለየ፤ በመካከላቸው ካለው ርቀትም የሞገዱን ርዝመት አወቀ። ሥራው ግን ያለ እንከን አልተፈጸመም። የሞገዱ ፍጥነት በአየር ውስጥና በሽቦ ላይ የተለያየ መስሎ ታየው፤ በማክስዌል ሒሳብ ግን እኩል መሆን ነበረበት። ውጤቱን አሳምሮ አልደበቀም፤ እንዳገኘው አሳተመው። በኋላ የፈረንሳዩ የሒሳብ ሊቅ አንሪ ፖዋንካሬ በስሌቱ ውስጥ አንድ ስሕተት አገኘበት፤ ኸርዝም ተቀበለ። በ1893 ደግሞ ሁለት የጄኔቫ ሊቃውንት ሙከራውን በሰፊ አዳራሽ ደግመው ሁለቱ ፍጥነቶች እኩል መሆናቸውን አረጋገጡ። ጠባቡ አዳራሽ ኸርዝን አሳስቶት ነበር።

በ1888 መጨረሻ ሞገዱን ወደ 66 ሳንቲሜትር አሳጠረው። በዚህ ጊዜ ተቀባዩ ቀለበት መሆኑ ቀርቶ፣ እያንዳንዳቸው 50 ሳንቲሜትር የሆኑ ሁለት ቀጥ ያሉ ሽቦዎች ሆኑ። አስተላላፊውንና ተቀባዩን ቁመታቸው 2 ሜትር በሆኑ፣ እንደ ጎድጓዳ መስተዋት በታጠፉ የዚንክ ቆርቆሮዎች ውስጥ አቆማቸው። ሞገዱም እንደ ብርሃን በቀጥታ መሥመር ተጓዘ፤ ከቆርቆሮ ላይ ተመለሰ፤ 600 ኪሎግራም ያህል በሚመዝን የዝፍት ፕሪዝም ውስጥ ሲያልፍም መንገዱን አጎነበሰ። የእንጨት በር ተዘግቶ እንኳ ተቀባዩ በወዲያኛው ክፍል ውስጥ ብልጭታ ሲሰጥ ኸርዝ ራሱ ተደነቀ። ነገር ግን አንድ ሰው በመካከል ሲያልፍ ብልጭታው ይጠፋ ነበር።

ኸርዝ በእነዚሁ ዓመታት፣ ብልጭታው ሌላ ብልጭታ ሲያበራበት እንደሚበረታ አስተውሎ፣ ይህም ከዐይን የተሰወረው አልትራቫዮሌት ብርሃን ሥራ መሆኑን በ1887 ጽፏል። ለዚህ ነገር ፍቺ የሰጠው ከ18 ዓመት በኋላ አልበርት አይንስታይን ነው።

ስለ ሞገዱ ጥቅም ግን ኸርዝ ብዙ አላሰበም። የእርሱ ፍላጎት ማክስዌል ትክክል መሆን አለመሆኑን ማወቅ ነበር፤ ይህንንም ዐወቀ። በ1889 አንድ መሐንዲስ የስልክ ድምፅ በእነዚህ ሞገዶች ሊተላለፍ ይችል እንደሆነ በደብዳቤ ጠየቀው። ኸርዝ አይቻልም የሚል መልስ ሰጠ። ምክንያቱም ድምፅ ውዝዋዜው ዝግተኛ ስለሆነ፣ በሴኮንድ 1,000 ጊዜ የሚወዛወዝ ሞገድ 300 ኪሎሜትር ይረዝማል፤ እንዲህ ላለው ሞገድ የሚበቃ መስተዋት ደግሞ ከአህጉር የማያንስ ይሆናል። ስሌቱ ትክክል ነበር። ዝግተኛውን ድምፅ በፈጣን ሞገድ ላይ ማሳፈር እንደሚቻል ግን አልታየውም።

በ1889 በቦን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ። ከ1892 ጀምሮ ግን በብርቱ ሕመም ተያዘ። ደጋግመው በቀዶ ጥገና ሊያድኑት ቢሞክሩም አልሆነላቸውም። የመጨረሻ መጽሐፉን ከሕመሙ ጋር እየታገለ ጽፎ ካጠናቀቀ በኋላ፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 1894 ገና በ36 ዓመቱ በቦን ዐረፈ። ለመጽሐፉ መቅድም የጻፈለት መምህሩ ሄልምሆልትዝም በዚያው ዓመት ሞተ።

በዚያው በጋ ጉልዬልሞ ማርኮኒ የተባለ የጣልያን ወጣት ስለ ሟቹ ሥራ አንብቦ በሞገዱ መልእክት ለማስተላለፍ ቈረጠ፤ ራዲዮም ከዚያ ተወለደ። ከብዙ ጊዜ በኋላ በ1948 ሃሪ ስቶክማን የተባለ መሐንዲስ፣ ተቀባዩ የራሱን ሞገድ ሳያመነጭ የመጣለትን ሞገድ በማንጸባረቅ ብቻ መልስ ሊሰጥ እንደሚችል ጻፈ። ትንሿ መለያ የዚህ ሐሳብ ውጤት ናት።

የበር መክፈቻ የሆነችው ካርድ የምትሠራው እንደ ሁለቱ ጥቅሎች ነው። በአንባቢው ጥቅል ውስጥ በሴኮንድ 13 ሚሊዮን 560 ሺህ ጊዜ የሚወዛወዝ ኤሌክትሪክ አለ፤ በካርዷ ውስጥ የተሸሸገው ቀጭን ጥቅል ሲቀርበው ኤሌክትሪክ ይቀሰቀስበታል። ካርዷ ውስጥ ያለችው ኢምንት ቺፕ ይህን ተወዛዋዥ ኤሌክትሪክ ወደ አንድ አቅጣጫ ወደሚፈስ ለውጣ በእርሱ ትነቃለች። ከዚያም ከጥቅሉ የምትወስደውን ኃይል በቁጥሯ ሥርዓት ከፍና ዝቅ ታደርጋለች፤ አንባቢውም ይህን ለውጥ በራሱ ጥቅል ላይ ያውቀዋል። ይህ ዘዴ ለቅርብ ብቻ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሳንቲሜትር አያልፍም።

በዕቃ መጋዘን የሚሠራባቸው መለያዎች ግን የሁለቱ ቀጥ ያሉ ሽቦዎች ዘመዶች ናቸው። ሞገዳቸው በሴኮንድ 900 ሚሊዮን ጊዜ ገደማ ስለሚወዛወዝ ርዝመቱ 33 ሳንቲሜትር ያህል ነው፤ ይህም የኸርዝ አጭር ሞገድ እኩሌታ መሆኑ ነው። የመለያዋ አንቴና በዚያው ልክ ተበጅቶ፣ ቦታ እንዳይፈጅ ይታጠፋል። ቺፗ በሞገዱ ኃይል ከነቃች በኋላ አንቴናውን አንዴ በብርቱ፣ አንዴ በደካማው እንዲያንጸባርቅ ታደርገዋለች፤ አንባቢውም ከዚያ ነጸብራቅ ቁጥሩን ያነባል። በዚህ መንገድ 10 ሜትር ያህል ርቀት ሊነበብ ይችላል። ሞገዱ እንጨትንና ወረቀትን ያልፋል፤ ብረትና ውሃ ግን ያግዱታል። በካርልስሩኸ በበሩና በሰውየው ላይ የታየውም ይኸው ነው።

የውዝዋዜ መለኪያ በኸርዝ ስም እንዲጠራ በ1930 ተወሰነ። ከሦስት ዓመት በኋላ ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ የአባቱ ዘር ተቆጠረበትና በሃምቡርግ ከተማ አዳራሽ የነበረው ሥዕሉ ከክብር ቦታው ተነሣ። ባለቤቱና ልጆቹ ከአገራቸው ወጥተው ወደ እንግሊዝ ተሰደዱ፤ በእንስሳት ጠባይ ጥናት የታወቀችው ልጁ ማቲልደም በ1975 በኬምብሪጅ ሞተች። የመለኪያው ስም ወደ ሄልምሆልትዝ ስም እንዲለወጥ ሐሳብ የቀረበበት ጊዜም ነበር፤ ምልክቱ እንዳለ ቢቀር ለሁለቱም ይስማማልና። ሐሳቡ ግን አልጸደቀም፤ በ1960 የመለኪያዎች ዓለም አቀፍ ጉባኤ ኸርዝ የሚለውን ስም አጸና።