ፕሮፌሰር በርንሐርድ ጾንዴክና የእርግዝና ምርመራ

አንዲት ሴት የወር አበባዋ በቀረ ጊዜ መፅነስ አለመፅነሷን በእርግጥ ለማወቅ ወራት መጠበቅ ያስፈልጋት የነበረበት ዘመን ያን ያህል የራቀ አይደለም። ሐኪሙ በእጁ ዳስሶ የሚሰጣት ግምት እንጂ ማረጋገጫ አልነበረም። ይህን ጥርጣሬ በ5 ቀን ውስጥ የሚቈርጥ ምርመራ ለዓለም ካበረከቱት ሁለት ሊቃውንት አንዱ ፕሮፌሰር በርንሐርድ ጾንዴክ ናቸው።

ጾንዴክ በ1891 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመቶች እንደዚሁ ናቸው) በዚያን ጊዜ በጀርመን ግዛት፣ ዛሬ ግን በፖላንድ ውስጥ በምትገኘው ቭሮንኬ በተባለች ከተማ ከአይሁድ ቤተ ሰብ ተወለዱ። ወንድሞቻቸው ሄርማንና ሳሙኤልም እንደ እርሳቸው ሐኪሞች ሆነዋል። በርንሐርድ በበርሊን ሕክምና ተምረው ሻሪቴ በተባለው ታላቅ ሆስፒታል የሴቶች ክፍል ገቡ፤ በዚያም የቤተ ሙከራው ኀላፊ ከነበሩት፣ በዕድሜም 13 ዓመት ከሚበልጧቸው ከዶክተር ሰልማር አሽሃይም ጋር በሥራ ተባበሩ።

ሁለቱ ሰዎች በመጀመሪያ የሚመረምሩት ነገር ከእርግዝና የራቀ ይመስል ነበር። በአንጎል ሥር ከምትገኘው ፒቱታሪ ከምትባል ትንሽ ዕጢ ጥቂት ቈርጠው ለመውለድ ባልደረሰች አይጥ ሰውነት ውስጥ ቢተክሉ፣ የአይጧ የእንቁላል ዕጢ ያለ ጊዜው ጐልምሶ ተገኘ። በአሜሪካም ፊሊፕ ስሚዝ የተባሉ ሊቅ ለብቻቸው ከዚሁ ውጤት ደርሰው ነበር። ጾንዴክና አሽሃይም ግን በ1927 እንዲህ ያለውን ኀይል በነፍሰ ጡር ሴት ሽንት ውስጥ እጅግ በብዛት አገኙት፤ በ1928ም የምርመራውን ዘዴ በጽሑፍ አወጡ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። የሴትዮዋ የጧት ሽንት ይወሰድና ክብደታቸው ከ6 እስከ 8 ግራም የሆነ 5 ትንንሽ ሴት አይጦች በ2 ቀን ውስጥ 6 ጊዜ በመርፌ ይወጉበታል። ከመጀመሪያው መርፌ አንሥቶ 100 ሰዓት ያህል ሲሞላ አይጦቹ ተገድለው የእንቁላል ዕጢያቸው ይታያል። ከ5ቱ በአንዲቱ እንኳ ደም የቋጠሩ ነጠብጣቦች ከተገኙ ሴትዮዋ አርግዛለች ማለት ነው። ስሕተቱ ከ100 ምርመራ 2 ያህል ብቻ ነበር። ለእያንዳንዱ መልስ 5 አይጦች መሞታቸው ቀላል ነገር አይደለም፤ ሆኖም በስኮትላንድ፣ በኤዲንበርግ ከተማ፣ ከሐኪሞች በፖስታ የሚላክ ሽንት የሚመረምር ጣቢያ በ1929 ተቋቋመ። ዘዴው ከእንግዴ ልጅ የሚነሣውን ነቀርሳ ለመለየትም ጠቅሟል።

ጾንዴክ በአንድ ነገር ተሳስተው ነበር። በሽንት ውስጥ ያገኙት ሆርሞን ከፒቱታሪ ዕጢ የመጣ መሰላቸው። ዳሩ ግን የሚሠራው እንግዴ ልጁ ራሱ መሆኑን ሌሎች ተመራማሪዎች በኋላ አሳዩ። ስለዚህ ምርመራው ትክክል፣ የምንጩ ማብራሪያ ግን ስሕተት ነበር፤ እነዚህን ሁለት ነገሮች ለተማሪ ለይቶ ማሳየት ለሚፈልግ የሳይንስ አስተማሪ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ፒቱታሪ በእንቁላል ዕጢ ላይ የሚሠሩ ሁለት ልዩ ልዩ ሆርሞኖች ታመነጫለች ያሉት ግን እውነት ሆኖ ተገኝቷል።

በ1929 በበርሊን፣ በሽፓንዳው ሆስፒታል የሴቶች ሕክምና ክፍል አለቃ ሆኑ። በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ አይሁዳዊ በመሆናቸው ከሥራ ተባረሩ። እርሳቸው የሰጡትን ምርመራ ግን ያባረራቸው አገር ሐኪሞች አልተዉትም። ወደ ስቶክሆልም ተሰደዱ፤ በ1934ም የድንጉላ ፈረስ ሽንት እጅግ ብዙ የሴት ሆርሞን እንዳለበት ገልጸው ሊቃውንትን አስደነቁ። በዚያው ዓመት ኢየሩሳሌም ገብተው የሐዳሳ ሆስፒታል የሴቶች ክፍል ኀላፊና የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኑ። በዚያም ብዙ ዓመት አስተማሩ፤ በ1958 የእስራኤልን ሽልማት ተቀበሉ።

የአይጡን ምርመራ በኋላ የእንቁራሪት ምርመራ ተካው፤ በ1960 ደግሞ በስዊድን ሕያው እንስሳ የማያስፈልገው ዘዴ ተገኘ። ዛሬ በየመድኀኒት ቤቱ የሚሸጠው ስስ መመርመሪያም የሚፈልገው ያንኑ ሆርሞን ነው። ጾንዴክ በ1961 ጡረታ ወጥተው በኅዳር 1966 በኒውዮርክ ዐረፉ። አሽሃይምም ከጀርመን ተሰደው ይኖሩባት በነበረችው በፓሪስ አንድ ዓመት ቀድመው ሞተው ነበር።