ኤድስገር ዳይክስትራ እና የደርብ በደርብ የኮድ አደረጃጀት

ኤድስገር ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1930 በኔዘርላንድስ፣ ሮተርዳም ከተማ ተወለደ። በላይደን ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ በሚያጠናበት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ1952 በአምስተርዳም የሒሳብ ማዕከል በፕሮግራም ጸሐፊነት ተቀጠረ። እ.ኤ.አ. በ1957 ጋብቻውን ሲፈጽም ሙያውን ፕሮግራም ጸሐፊ ብሎ ለማስመዝገብ ቢጠይቅም፣ እንዲህ ያለ ሙያ የለም በመባሉ የንድፈ ሐሳብ ፊዚክስ ባለሙያ ተብሎ ተመዘገበ። ቀሪ ዘመኑን ያሳለፈው ይህ ያልታወቀ ሙያ የራሱ ሥርዓት ያለው የዕውቀት ዘርፍ መሆኑን በማስረዳት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1962 በአይንድሆቨን የቴክኖሎጂ ከፍተኛ ተቋም የሒሳብ ፕሮፌሰር ሆነ። በዚያም ከጥቂት ባልደረቦቹ ጋር የሠራውን ስርዓተ ክወና አወቃቀር እ.ኤ.አ. በ1968 አሳተመ። ሥርዓቱ በስድስት ደርቦች የተከፈለ ነበር። ከታች የፕሮሰሰር ድልድል፣ በላዩ የማህደረ ትውስታ ቁጥጥር፣ ከዚያ ከኦፕሬተሩ ጋር የሚደረግ የመልእክት ልውውጥ፣ ቀጥሎ የግብዓትና የውጤት አያያዝ፣ ከዚያም የተጠቃሚዎች ፕሮግራሞች ይገኛሉ፤ የመጨረሻው ደርብ ኦፕሬተሩ ራሱ ነው። እያንዳንዱ ደርብ ከበታቹ ባለው ላይ ብቻ ይመሠረታል፤ በመሆኑም የታችኛው ተፈትሾ ሳይረጋገጥ የላይኛው አይጨመርበትም።

ይህ ሥርዓት ያለ ዋጋ አልተገኘም። የመልእክት ልውውጡን ክፍል በዋናው ማህደረ ትውስታ ውስጥ በቋሚነት ማኖር ውድ ስለነበረ፣ ከማህደረ ትውስታ ቁጥጥር በላይ እንዲቀመጥ ተደረገ። ስለዚህ የደርቦች ቅደም ተከተል በአመክንዮ ብቻ ሳይሆን በመሣሪያው አቅምም የሚወሰን መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1972 የቱሪንግ ሽልማትን ተቀበለ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ የአንድን ችግር ልዩ ልዩ ገጽታዎች በየተራ፣ ሌሎቹን ሳይረሱ፣ ነጥሎ የመመርመርን መርሕ በጽሑፍ አብራራ። እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በአሜሪካ፣ ኦስቲን በሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 በሀገሩ በኑዌነን አረፈ።

በዛሬው ጊዜ የተጠቃሚ መለያ፣ የክፍያ፣ የክምችትና የዘገባ ንዑስ ሥርዓቶችን ያካተተ ሰፊ የድር መተግበሪያ የሚገነባ ቡድን ተመሳሳይ ጥያቄ ይጠብቀዋል። ኮዱን በአቃፊዎች መከፋፈል ብቻውን በቂ አይደለም፤ የክፍያው ክፍል በዘገባው ላይ፣ ዘገባውም መልሶ በክፍያው ላይ ከተደገፈ አንዱን ለብቻው መፈተሽ አይቻልም። ከዳይክስትራ ሥራ የሚወሰደው ዋና ትምህርት የደርቦቹ ቁጥር አይደለም፤ የትኛው ክፍል በየትኛው ላይ እንደሚደገፍ ኮዱ ከመጻፉ በፊት መወሰን ነው።