ሉክ ሃዋርድ፦ የከተማን የሌሊት ሙቀት በቁጥር ያሳየ መድኃኒት ቀማሚ

በሐምሌ ምሽት ከከተማ ወጣ ብለው ሲመለሱ፣ ወደ ሕንፃዎቹ በቀረቡ ቁጥር ሙቀቱ እንደሚጨምር አስተውለው ይሆናል። ዛሬ ሳይንቲስቶች ይህን የከተማ የሙቀት ደሴት ይሉታል። ዐረብኛውም ያንኑ የደሴት ምሳሌ ይዞ ጀዚራ ሐራሪያ ይለዋል። ስሙ የወጣለት በቅርብ ዘመን ቢሆንም፣ ነገሩን በልኬት ያሳየው ከ200 ዓመት በፊት የኖረው እንግሊዛዊ ሉክ ሃዋርድ ነው።

ሃዋርድ እ.ኤ.አ. በ1772 ለንደን ውስጥ ከኩዌከር ክርስቲያን ቤተሰብ ተወለደ። መተዳደሪያው መድኃኒት ማምረት ነበር፤ የአየር ጠባይን የሚያጠናው ከሥራው በተረፈው ጊዜ ነው። በ1802 ለወዳጆቹ ማኅበር ባቀረበው ንግግር ደመናን በመልኩ ለይቶ የላቲን ስም አወጣለት። ሲረስ፣ ኩሙለስና ስትራተስ የሚባሉት ስሞች እስከ ዛሬ ይሠራባቸዋል። ጀርመናዊው ባለቅኔ ጎተም ለክብሩ ግጥም ጽፎለታል።

ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅመን ግን ሌላው ሥራው ነው። ሃዋርድ ከ1806 ጀምሮ፣ ያኔ ከለንደን ውጪ በነበሩት በፕሌይስቶውና በቶተንሃም፣ የሙቀት መለኪያውን በየቀኑ እያነበበ መዘገበ። ያገኘውንም መሐል ለንደን ውስጥ ከተመዘገበው ጋር አስተያየ። ከተማው በሌሊት ከገጠሩ በአማካይ 3.7 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም 2 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይሞቃል። በቀን ግን በጥቂቱ ቀዝቀዝ ይላል።

ምክንያቱንም አላጣውም። በየቤቱ የሚነደው ከሰልና የሕዝቡ ብዛት ሙቀት ይጨምራሉ፤ ግድግዳዎች ሙቀቱን እርስ በርስ ይቀባበሉታል፤ ሕንፃዎች ነፋሱን ያግዱታል፤ በከተማ ደግሞ በትነት የሚያቀዘቅዝ እርጥበት ጥቂት ነው። የለንደን የአየር ጠባይ የተባለው መጽሐፉ ከ1818 እስከ 1820 በሁለት ቅጽ ወጣ፤ በ1833 ደግሞ ሰፍቶ በሦስት ቅጽ ታተመ። ሃዋርድ በ1864 በ91 ዓመቱ አረፈ።

ዛሬ ያንን ሥራ ሳተላይቶች በስፋት ይሠሩታል። በ1972 ፒ. ክሪሽና ራኦ የተባለ ተመራማሪ የከተሞችን ሙቀት ከሳተላይት መለየት እንደሚቻል አሳየ። ልብ ይበሉ፤ የሃዋርድ መሣሪያ የለካው አየሩን ነው፤ ሳተላይት የሚያነበው ግን ከጣሪያ፣ ከአስፋልትና ከአሸዋ የሚወጣውን ሙቀት ነው። ደመና ሲኖርም ከሥሩ ያለውን መሬት ማየት አይችልም።

ዋናው ጥያቄ ግን ምስሉ የተነሳው በስንት ሰዓት ነው የሚለው ነው። ላንድሳት የተባለው ሳተላይት በአብዛኛው የሚያነሳው ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ነው። በዚያ ሰዓት የባህረ ሰላጤው ባዶ አሸዋ ከከተማው በላይ ሊግል ይችላል። እንደ ዱባይና አቡዳቢ ባሉ ከተሞች የቀን ምስል ከተማውን ከበረሃው የቀዘቀዘ አድርጎ ያሳያል፤ አረንጓዴ ሥፍራውና የሕንፃው ጥላ ያግዙታል። ሲመሽ ነገሩ ይገለበጣል፤ አሸዋው ቶሎ ይበርዳል፣ ኮንክሪቱ ግን የያዘውን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ይለቃል። ሃዋርድ በለንደን ያየው የቀንና የሌሊት ልዩነት እዚህ ጎልቶ ይታያል ማለት ነው።

ይህ ለምን ያሳስበናል? በተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15፣ በእኛ ሰዓት ከቀኑ 6:30 እስከ 9:00 ድረስ በፀሐይ ላይ መሥራት የተከለከለ ነው። ደንቡ የሚጠብቀው ቀኑን ነው። ቀን በሙቀት የደከመ ሰውነት ግን የሚያገግመው ሌሊት፣ በቀዝቃዛ ቦታ ሲተኛ ነው። ፀሐይ ሲመታው ከዋለ ጣሪያ ሥር፣ ኤሲው በማይሠራበት ክፍል ብዙ ሆኖ የሚያድር ሠራተኛ ያንን ዕረፍት አያገኝም።

ስለዚህ ከተማዎ ቀዝቃዛ መሆኑን የሚያሳይ ምስል ሲያዩ በቅድሚያ ሰዓቱን ይጠይቁ። የሚያድሩበት ክፍል የሚያሳስብዎ ከሆነም የሃዋርድ ዘዴ ውድ አይደለም። አንድ ቴርሞሜትር ሰቅለው ሲተኙና ሲነሱ የሚያሳየውን ከነቀኑ ይጻፉ። ለአሠሪም ሆነ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አቤት ሲሉ፣ ሙቀት በዛብን ከሚል ቃል ይልቅ የአንድ ወር መዝገብ ይበልጥ ይሰማል።