አር-ራዚ፦ የጽጌረዳ ወቅትን ማስነጠስ የመረመሩ ሐኪም



ረመዷን በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ይመጣል። በመሆኑም እኛ በጭሮ (አሰበ ተፈሪ)፣ በሂርና፣ በበዴሳ፣ በገለምሶና በሚኤሶ የምንጾም ሰዎች አንዱን ረመዷን በዝናብ፣ ሌላውን በበጋ አቧራ እንቀበለዋለን። ወቅቱ ይለዋወጥ እንጂ በተራዊህ ሰልፍ መካከል የማይጠፋ ድምፅ አለ፤ ማስነጠስ። አንዱ ዓይኑን ያሻል፣ ሌላው አፍንጫውን በመሐረብ ይዟል። ቤት ሲገባ እናት ጥቁር አዝሙድ በንጹሕ ጨርቅ ቋጥራ ታሸተዋለች። ጎረቤት ዳማከሴ ትልካለች። አጎት ደግሞ የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልቶ እንዲታጠን ይመክራል። ብርድ መቶት ነው ብሎ የሚያልፍም አለ።

ከእነዚህ ሁሉ የትኛው ይጠቅማል? ቅጠሉን ትተን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያለብንስ መቼ ነው? ይህን ለመመለስ ዛሬ ከ1,100 ዓመት በፊት ወደ አኼራ የሄዱ አንድ ሐኪምን ሕይወት እናወሳለን።

የሬይ ሰው

አቡበከር ሙሐመድ ኢብን ዘከሪያ አር-ራዚ የተወለዱት በዛሬዋ ኢራን፣ ለቴህራን ቅርብ በነበረችው በጥንታዊቷ የሬይ ከተማ ነው። አር-ራዚ ማለትም የሬይ ሰው ማለት ነው። ታላቁ ሊቅ አል-ቢሩኒ በመዘገቡት መሠረት የተወለዱት በ251 ዓመተ ሒጅራ፣ ረመዷን ሊገባ አንድ ወር ሲቀረው፣ በሻዕባን መጀመሪያ ነበር። ይህም እ.ኤ.አ. 865 ነው።

ወደ ሕክምና የገቡት ጎልማሳ ከሆኑ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ማዕድናትን በማቅለጥና በመቀመም ሥራ ተጠምደው ነበር። በኋላ ግን ሕክምናን በትጋት ተምረው የሬይ ሆስፒታል ኃላፊ ሆኑ፤ ቀጥሎም በባግዳድ ሆስፒታል መርተዋል። ስለ ባግዳድ የሚተረክ አንድ ታሪክ አለ። ሆስፒታሉ የት ይሠራ ተብለው ሲጠየቁ በከተማዋ የተለያዩ ቦታዎች ሥጋ አሰቀሉ፤ ሥጋው ዘግይቶ የተበላሸበትን ቦታም መረጡ ይባላል። ታሪኩ እንዳለ ባይሆን እንኳ ሰዎች አር-ራዚን በምን ያስታውሷቸው እንደነበር ይነግረናል። ሳይፈትኑ የማይወስኑ ሰው ነበሩ።

አስተማሪነታቸውም የሚገርም ነበር። ተማሪዎቻቸው ዙሪያቸውን በክብ በክብ ይቀመጣሉ። በሽተኛ ሲመጣ መጀመሪያ በውጪው ክብ ያሉት ይጠይቁታል። እነሱ ካላወቁ ወደ ውስጠኛው ክብ ያልፋል። ሁሉም ያቃታቸው ጉዳይ መጨረሻ ላይ እርሳቸው ዘንድ ይደርሳል። ለድሆች ቸር እንደነበሩ፣ በነፃ እያከሙ ቀለብም ይሰጧቸው እንደነበር ተመዝግቧል። ሐኪም በአቅራቢያው ለሌለው ሰው ብለው የጻፉት መጽሐፍም አላቸው። ከከተማ የራቀ ሰው በቀላሉ በሚያገኛቸው ምግቦችና ዕፀዋት ራሱን እንዲረዳ ታስቦ የተዘጋጀ ነው። ከጨርጨር ተራሮች ሥር ወይም ከሚኤሶ ቆላ ታማሚ ተሸክሞ የመጣ ሰው የዚህን መጽሐፍ ጥቅም ያለ አስረጂ ይረዳዋል።

እንፈትነው ያሉ ሰው

በዘመናቸው የጋሌን ቃል በሕክምና ዓለም እንደ መጨረሻ ዳኛ ይታይ ነበር። አር-ራዚ የግሪኩን ሊቅ እያከበሩ፣ ነገር ግን የተጠራጠሩባቸውን ነጥቦች ዘርዝረው መጽሐፍ ጻፉ። ሜርኩሪ ሰውነትን ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ መጀመሪያ ለዝንጀሮ ሰጥተው ተመለከቱ። የማጅራት ገትር የሚመስል ሕመም ሲያጋጥማቸው ከፊሎቹን በሽተኞች ደም በማውጣት አከሙ፤ ከፊሎቹን ደግሞ ሆን ብለው ሳያወጡ ተዉና ሁለቱን ወገን አነጻጸሩ። ደም ማውጣት ይጠቅማል የሚለው ድምዳሜያቸው ዛሬ አይሠራበትም። ማነጻጸሩ ግን ዛሬም መድኃኒት ሁሉ የሚፈተንበት መንገድ ነው።

ፈንጣጣንና ኩፍኝን ለያይተው የጻፉት መጽሐፍም በዓለም ዝናቸውን ከፍ አድርጎታል። ሁለቱም ትኩሳትና ሽፍታ ስላላቸው ብዙዎች ያምታቷቸው ነበር። እርሳቸው ግን ምልክቶቹን አንድ በአንድ ለዩ። ፈንጣጣ በአገራችን ለመጨረሻ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1976 መሆኑን ስናስታውስ፣ የሐኪሙ ሥራ የእኛም አያቶች ጉዳይ እንደነበር እንረዳለን።

አር-ራዚ በፍልስፍና የያዟቸው አንዳንድ አቋሞች በዑለማዎች ዘንድ ክርክር አስነስተዋል። እኛ እዚህ የምናወሳው ሕክምናቸውን ነው።

ባለ ጽጌረዳው በሽተኛ

አቡ ዘይድ አል-በልኺ የተባሉ ሊቅ ነበሩ። በየዓመቱ ጸደይ ሲገባና ጽጌረዳ ሲያብብ፣ አበባውን ሲያሸቱ አፍንጫቸው ይዘጋል፣ ይፈስሳል። አር-ራዚ ስለዚህ ነገር ራሱን የቻለ ጽሑፍ ጻፉ። የጽሑፉ ርዕስ ብቻ ትልቅ ትምህርት ይዟል፤ አንድን ሰው፣ አንድን ወቅትና አንድን አበባ ያገናኛል። ሌላው ሰው ያው ጽጌረዳ እየሸተተው ደህና ነው፤ አቡ ዘይድም ጸደይ ካልሆነ ደህና ናቸው። ዛሬ ወቅታዊ የአፍንጫ አለርጂ የምንለውን ሕመም ቀድመው ከገለጹት ጽሑፎች አንዱ ይህ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቦስቶክ የራሳቸውን የበጋ ማስነጠስ የገለጹት እ.ኤ.አ. በ1819፣ ቻርልስ ብላክሊ ደግሞ በራሳቸው ላይ ሞክረው ጥፋተኛው የአበባ ብናኝ መሆኑን ያሳዩት በ1873 ነው። ከአር-ራዚ ጋር ሲነጻጸር ወደ 900 ዓመት የሚጠጋ ልዩነት ነው።

በዕድሜያቸው ማብቂያ ዓይናቸው ታወረ። በሕይወታቸው የጻፏቸውን ሥራዎች አል-ቢሩኒ ቆጥረው 184 አድርሰዋቸዋል። አል-ሐዊ የተባለው ትልቁ የሕክምና መዝገባቸው ከሞቱ በኋላ ከማስታወሻዎቻቸው ተሰብስቦ የተዘጋጀ ነው። አር-ራዚ በትውልድ ከተማቸው በሬይ፣ በ313 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 925)፣ በተወለዱበት በሻዕባን ወር አረፉ።

የጨርጨር ጽጌረዳ የትኛው ነው?

ከዚህ ሕይወት የምንወስደው የመጀመሪያው ትምህርት መለየት ነው። ጉንፋን ብዙ ጊዜ ትኩሳትና የሰውነት ቁርጥማት ይዞ መጥቶ በሳምንት ገደማ ይለቃል። አለርጂ ግን ትኩሳት የለውም። ዓይንና አፍንጫን ያሳክካል፣ ያስነጥሳል፣ ቀጭን ንፍጥ ያመጣል፣ ምክንያቱ እስካለ ድረስም ይቆያል። ስለዚህ እንደ አር-ራዚ እንጠይቅ፤ መቼ ይነሳብናል? የት? ምን አጠገብ ስንሆን?

በእኛ አካባቢ መልሱ ብዙ ጊዜ ጽጌረዳ አይደለም። የማሽላ ውቂያ አቧራ ወይም የቤት ውስጥ ጭስ ሊሆን ይችላል። በመንገድ ዳርና በማሳ ጠርዝ የሚበቅለው፣ ትናንሽ ነጭ አበባ ያለው ቅንጬ አረምም አለ። በኦሮምኛ ፈረምሲሳ የሚባለው ይህ አረም ከውጭ ገብቶ በሐረርጌ የተዛመተ ሲሆን ብናኙ አፍንጫን፣ ቅጠሉም ቆዳን ያስቆጣል። ስለዚህ ሳያብብ መንቀል፣ ስንነቅልም እጅን በጓንት፣ አፍና አፍንጫን በሻሽ መሸፈን ከማንኛውም ቅጠል ይቀድማል። ከማሳ ስንመለስ ልብስ መቀየርና ፊትን መታጠብም ይረዳል።

ሁለተኛው ትምህርት መፈተን ነው። በሐዲስ የተወደሰው ጥቁር አዝሙድ በትናንሽ ጥናቶች የአፍንጫ አለርጂን ምልክቶች ሲያቀል ታይቷል። ይህ ተስፋ ሰጪ ነው፤ ነገር ግን የሐኪም መድኃኒትን ያስቀራል ለማለት አይበቃም። ነፍሰ ጡሮችና የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች በብዛት ከመውሰዳቸው በፊት ሐኪም ያማክሩ። ዝንጅብል በማር ጉሮሮን ያለዝባል፤ ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ማር አይሰጥም። የባሕር ዛፍ እንፋሎት አፍንጫ የከፈተ ቢመስልም ሽታው አንዳንዱን ሰው ያብስበታል። ልጆችን በፈላ ውሃ ላይ ማጎንበስም ለቃጠሎ ያጋልጣል። ከሁሉ ቀላሉ ከኢፍጣር በኋላ አፍንጫን በጨው ውሃ ማጠብ ነው። አፍልተን ባቀዘቀዝነው አንድ ብርጭቆ ውሃ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል። በጾም ሰዓት በአፍንጫ የሚገባ ነገር ጾምን ሊያፈርስ ስለሚችል እንዲህ ያለውን ከመግሪብ በኋላ እናድርገው፤ የተቸገረም ዑለማዎችን ይጠይቅ።

ሦስተኛው ትምህርት ድንበርን ማወቅ ነው። አለርጂ ያለበት ሰው አስም ሊኖርበት ይችላል። ትንፋሹ ሲር ሲር ካለ፣ ደረቱ ከጠበበበት፣ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ወይም ልጅ ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ መሃል ወደ ውስጥ ከገባ፣ ቅጠል መጭመቅም ኢፍጣርን መጠበቅም የለም። ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ነው። ጾሜ ይፈርሳል ብለው የሚነፋውን የአስም መድኃኒታቸውን ከትራስ ሥር የሚደብቁ እናቶች አሉን። እናቶቻችን፣ አላህ ለታመመ ሰው ጾሙን ትቶ በሌላ ቀን እንዲያካክስ ፈቅዷል። የሰጠንን ምሕረት መቀበልም ዒባዳ ነው።

አር-ራዚ ሐኪም ለራቀው ሰው መጽሐፍ የጻፉት ሐኪም አያስፈልግም ለማለት አልነበረም። ሐኪም ዘንድ እስኪደረስ ድረስ ሰው እንዳይጎዳ ነበር። በጓዳችን ያለውን ጥቁር አዝሙድም በዚያው ቦታ እናስቀምጠው።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይላክልን። መልካም ረመዷን።