ማኅትማ ጋንዲና የነግህ የሠርክ ጸሎት

በሂንዱ ሃይማኖት ተከታዮች ዘንድ ንጋትና ምሽት ከጥንት ጀምሮ የጸሎት ሰዓቶች ናቸው። ሌሊቱ ለቀኑ፣ ቀኑም ለሌሊቱ ስፍራውን በሚለቅበት ጊዜ የሚደረሰው ጸሎት ሳንድያ ይባላል፤ ትርጓሜውም መጋጠሚያ ማለት ነው። ጸሎተኛው ታጥቦ፣ በነግህ ወደ ምሥራቅ፣ በሠርክ ወደ ምዕራብ ዞሮ ውሃ በእፍኙ ያፈስሳል፤ ሪግቬዳ ከተባለው ጥንታዊ መጽሐፍ የተገኘውንም የጋያትሪን ጸሎት እየደጋገመ አእምሮው እንዲበራለት ይለምናል። ይሁን እንጂ በቀደመው ልማድ ይህ ሥርዓት የተፈቀደው የተቀደሰውን ክር ለሚያጠልቁት ለሦስቱ የበላይ ወገኖች ወንዶች ነበር። እነዚህን ሁለት ሰዓቶች የሰው ሁሉ ለማድረግ ከደከሙት አንዱ ሞሐንዳስ ካራምቻንድ ጋንዲ ነው።

ጋንዲ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኦክቶበር 2 ቀን 1869 ዓ.ም. በምዕራብ ህንድ በፖርባንዳር ከተማ ተወለደ። እናቱ ፑትሊባይ ሳትጸልይ እህል የማትቀምስ፣ ጾም የምታበዛ ሴት ነበረች። በአንድ የክረምት ወራት ፀሐይን ካላየሁ አልበላም ብላ ተስላ ነበርና ልጆቿ ሰማዩን ይጠብቁላት ነበር፤ ፀሐይ ብቅ ስትል ሮጠው ይጠሯታል፤ እርሷ እስክትወጣ ግን ደመናው ይሸፍናታል፤ እርሷም ሳታዝን ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ራምባ የተባለች ሞግዚቱም ሕፃኑ መናፍስትን ይፈራ ስለ ነበር የራማን ስም እንዲደግም አስተማረችው።

በ1888 ሕግ ለመማር ወደ ሎንዶን ሄደ፤ ባጋቫድ ጊታ የተባለውንም መጽሐፍ መጀመሪያ ያነበበው በዚያ ነው። በ1893 ወደ ደቡብ አፍሪቃ ተሻገረ። በ1910 በተመሠረተው በቶልስቶይ እርሻ ሂንዱዎች፣ እስላሞች፣ ክርስቲያኖችና ፓርሲዎች በአንድነት ይኖሩ ነበር፤ በየማታውም የጋራ ጸሎት ያደርጉ ነበር።

በ1915 ወደ አገሩ ሲመለስ አንድ መነኩሴ የተቀደሰውን ክር እንደ ገና እንዲያጠልቅ መከረው። ጋንዲ ግን ለዝቅተኞቹ ወገኖች የተከለከለውን ምልክት ለብቻው ሊለብስ አልወደደም። በዚያው ዓመት በአሕመዳባድ ባቋቋመው አሽራም፣ ሌሎች ሊነኳቸው ከሚጸየፏቸው ወገኖች አንድ ቤተሰብ ተቀበለ። በዚህ ምክንያት ገንዘብ ይረዱት የነበሩ ሰዎች እጃቸውን ሰበሰቡ፤ እርሱ ግን ሐሳቡን አልለወጠም።

ማኅበሩ በ1917 ወደ ሳባርማቲ ወንዝ ዳር ተዛወረ። በዚያ ከሌሊቱ 10 ሰዓት የመነሻ ደወል ይደወላል፤ ሁሉም ተነሥተው ገና በጨለማ ለጸሎት ይሰበሰባሉ። ማታም በገላጣው ስፍራ ተቀምጠው ከጊታ ሁለተኛ ምዕራፍ መጨረሻ፣ ልቡ ስለ ጸና ሰው የሚናገሩትን 19 አንቀጾች ይደግማሉ። ወንድና ሴት፣ የበላይና የበታች ሳይባል ሁሉም በአንድ አሸዋ ላይ ይቀመጡ ነበር።

በ1930 ከ78 ተከታዮቹ ጋር ስለ ጨው ግብር 385 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ሲጓዝ፣ በ24ቱ ቀን መንገድ የጠዋቱና የማታው ጸሎት አልተቋረጠም። በእስር ቤትም ሰዓቱን ጠብቋል።

ከሁሉ የከበደው ፈተና የደረሰው በሽምግልናው ነው። በ1947 ህንድ ነጻነቷን አግኝታ ለሁለት ስትከፈል ሂንዱዎችና እስላሞች እርስ በርሳቸው ተፋጁ። ጋንዲ በዴልሂ በየማታው በሚያደርገው የጸሎት ጉባኤ ከሂንዱ ጸሎት ጋር ከቁርኣን ያስነብብ ነበር። በዚህ የተቆጡ ሲቃወሙ፣ በኃይል ዝም ከማሰኘት ይልቅ ጸሎቱን አቋርጦ የሄደበት ጊዜ አለ፤ በማግሥቱ ግን በሰዓቱ ይመለሳል። ጃንዋሪ 20 ቀን 1948 በጉባኤው አጠገብ ቦምብ ፈነዳ። ሹማምንቱ የሚመጣውን ሰው ሁሉ እንፈትሽ ሲሉ፣ ለጸሎት የሚመጣ ሰው አይፈተሽም ብሎ እንቢ አለ።

ከዐሥር ቀን በኋላ፣ ጃንዋሪ 30 ቀን፣ ከሚኒስትሩ ከቫላብሃይ ፓቴል ጋር ሲነጋገር የጸሎቱ ሰዓት አለፈበት። በጸሎት ሰዓት መዘግየት ያስከፋው ስለ ነበር፣ የሁለት ልጃገረዶችን ትከሻ ተደግፎ ፈጥኖ ወጣ። ሕዝቡ መንገድ ሲለቅለት፣ ናቱራም ጎድሴ የተባለ የገዛ ሃይማኖቱ ሰው ከፊቱ ቆሞ በሦስት ጥይት መታው። ሰዓቱ ከቀኑ 11 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ነበር፤ ዕድሜውም 78 ዓመት።

ጋንዲ ለሕዝቡ አዲስ ጸሎት አልደረሰለትም፤ የደገመው ቃል ከአባቶቹ የተቀበለው ነው። ያደረገው ነገር ሰዓቱን ሳያጓድል መጠበቅ፣ ከበሩም ማንንም አለመመለስ ነበር። ሰዓቱን መጠበቅ ከልጅነት የለመደው ስለ ሆነ ብዙ አላስቸገረውም፤ በሩን ክፍት ማድረጉ ግን ሕይወቱን አስከፈለው።